የበጅሮንድ ቤት ጣሪያ

ከልደታ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ዝቅ ብሎ፣ የፍርድ ቤቱ ፎቶ ኮፒ ቤቶችና ማመልከቻ ጻፊዎች ካለቁበት በሚጀምረው ጠባብ መንገድ ዳር፣ ሰፈርተኛው የበጅሮንድ ቤት የሚለው ባለ ፎቅ አሮጌ ቤት ነበር። ምድር ቤቱ በድንጋይ፣ ፎቁ በእንጨትና በጭቃ የተሠራ፣ ዙሪያውን የእንጨት ሰገነት የዞረው ቤት ነው። በጅሮንድ ወልደአማኑኤል የሚባሉ የቤተ መንግሥት ግምጃ ቤት ሹም ለሚስታቸው አሠሩት ይባላል። ሚስታቸው ግን ከፍታ ያዞረኛል ብለው አንድም ቀን ፎቁ ላይ ሳያድሩ ሞቱ። ደርግ ትርፍ ቤት ሲወርስ ቤቱ የቀበሌ ሆነ። ሰፋፊዎቹ ክፍሎች በኮምፖርሳቶ ተከፋፈሉና የበጅሮንዱ እልፍኝ ሰባት አባወራ ገባበት።

ከሰባቱ አንዱ ኃይለሚካኤል ነው። የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ሆኖ በተቀጠረበት ዘመን ከሚስቱ ከወርቅዬ ጋር ፎቁ ላይ አንዲት ክፍል አገኘ። እዚያችው ልጆቹን አሳድጎ፣ ድሮ ኩሎ፣ ጡረታም የወጣው እዚያው ሆኖ ነው። ጣሪያውን የሚያክመው እሱ ነበር። ክረምት ሊገባ ሲል መሰላል ተውሶ ይወጣና የተበሳውን በሬንጅና በጨርቅ ይደፍናል፤ የላላውን ምስማር ይመታል፤ የባሰበትን ቦታ ከመርካቶ በገዛው አሮጌ ቆርቆሮ ይለብጣል። ጎረቤት የቻለውን ያዋጣል። ከላይ ሲያዩት ጣሪያው የለማኝ ኮት መስሎ ነበር፤ ቢሆንም ውሃ አላስገባም።

አንድ ዓመት የቅርስ ሰዎች መጡና ቤቱ በቅርስነት መመዝገቡን የሚናገር የብረት ሰሌዳ በሩ ላይ ሰቀሉ። ግቢው በሙሉ ደስ አለው። ልጆች ሰሌዳው ሥር ፎቶ ተነሡ። የሰሌዳው ትርጉም የገባቸው ግን ኋላ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለ ፈቃድ አንድ ምስማር መምታት ክልክል ሆነ። ፈቃድ ሲጠይቁ ጥገና በባለሙያ እንጂ በነዋሪ አይሆንም ተባሉ፤ ባለሙያ ይላክልን ሲሉ ደግሞ በጀት የለም ተባሉ። ስለዚህ ኃይለሚካኤል ጣሪያው ላይ የሚወጣው እሁድ እሁድ፣ ቢሮ ሲዘጋ፣ እንደ ሌባ ግራ ቀኙን አይቶ ሆነ።

ሰብለወንጌል ወደ ግቢው የመጣችው በዚህ መሀል ነው። ወጣት አርክቴክት ናት። ከባሕር ማዶ ያለ አንድ ድርጅት ጥንታዊ ቤቶችን ለማደስ የሚሰጠውን ገንዘብ ለአዲስ አበባ አሮጌ ቤቶች ለማስገኘት ነበር የምትደክመው። ሌሎች ባለሙያዎች መጥተው በር ላይ ቆመው፣ ፎቶ አንሥተው ሄደዋል። እሷ ግን እያንዳንዱን ክፍል አንኳኩታ ገባች፤ የግድግዳውን ጭቃ በጣቷ ፈርፍራ አየች፤ ከኃይለሚካኤል ጋር ጣሪያው ሥር ባለው ጨለማ ጎንበስ ብላ እየተሳበች ወራጁን ሁሉ በባትሪ ፈተሸች። ሲወጡ ፀጉሯ ላይ የሸረሪት ድር ነበረ።

«ጋሼ፣ ይኼ ቤት እስከ ዛሬ የቆመው በእርስዎ ነው» አለችው።

በሕይወቱ ሙሉ አውቶቡስ ሲነዳ አንድም ተሳፋሪ እንዲህ ያለ ቃል ተናግሮት አያውቅም። ማታ ለወርቅዬ ሦስቴ ደጋግሞ ነገራት። እሷም ሰማሁ እኮ አለችው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ልቡ ከሰብለወንጌል ሥራ ጋር ሆነ። የድርጅቱ ሰዎች ፊልም ሲቀርጹ ሰገነቱ ላይ ተቀምጦ የበጅሮንዱን ሚስት ታሪክ የተረከው እሱ ነው። የመጀመሪያው ማመልከቻ ወደቀ። ሁለተኛውም ወደቀ። እሷ ተስፋ ስትቆርጥ እሱ ያጽናናታል፤ እሱ ሲቆርጥ እሷ። በሦስተኛው ገንዘቡ ተፈቀደ። ስልክ ደውላ ነገረችው።

የቀረው አንድ ነገር ነው። ቤቱ ሲታደስ ሰው ሊኖርበት አይችልምና ነዋሪዎቹ ለአንድ ዓመት ተኩል ያህል መልቀቅ ነበረባቸው። በአራብሳ ኮንዶሚኒየም ጊዜያዊ ቤት ይሰጣቸዋል፤ እድሳቱ ሲያልቅ እያንዳንዱ ወደ ክፍሉ ይመለሳል። ይህም በጽሑፍ ሰፍሯል። ድርጅቱ ግን ማንም ተገዶ እንዳይወጣ ስለሚፈልግ የሁሉም አባወራ ፊርማ ካልተሟላ ገንዘቡን አይለቅም። ስድስቱ ፈረሙ። ኡሙልኸይር እምቢ አለች።

ኡሙልኸይር ባሏ የሞተባት የስልጤ ሴት ናት። ምድር ቤት፣ በሩ ወደ መንገድ በሚከፈት ክፍል፣ በርበሬ፣ ሽሮና ቅመማ ቅመም ትሸጣለች። ደንበኞቿ የፍርድ ቤት ጸሐፊዎች፣ የቢሮ ሠራተኞች፣ ለጉዳይ መጥተው መንገድ የሚጠይቋት ባለጉዳዮች ናቸው። «እኔ ከዚህ በር ከተነሣሁ ማን ያውቀኛል?» ትላለች። የድርጅቱ ሰዎች መጥተው አስረዷት። ሰብለወንጌልም ለመነቻት። ሁሉንም ሻይ አጠጥታ ሸኘቻቸው።

በመጨረሻ እሷን የማሳመኑ ሥራ የኃይለሚካኤል ሆነ። ከሰዓት ከሰዓት እየወረደ በሯ ላይ በርጩማ ስቦ ይቀመጣል። መጀመሪያ ስለ ቤቱ ያወራል፤ ቀጥሎ ስለ ልጆቿ፤ ከዚያ ዞሮ ዞሮ እዚያው ይመጣል። ጣሪያው ከእንግዲህ እንደማይቆይ፣ እሱም አርጅቶ መሰላል ላይ ጉልበቱ እንደሚከዳው፣ በፊርማዋ ምክንያት ገንዘቡ ቢመለስ ቤቱ በሁሉም ላይ እንደሚፈርስ ነገራት። ውሸት አልነገራትም። ያመነበትን ነው የነገራት።

«ካልመለሱሽ እኔን ያዢ» አላት አንድ ቀን።

ኡሙልኸይር የሽሮውን ማንኪያ አስቀመጠች። «እሺ ጋሽ ኃይሌ። የምፈርመው ግን በእርስዎ ነው፤ በእነሱ አይደለም።»

ኅዳር ላይ ለቀቁ። የአይሱዙ መኪና መጥቶ የሰባት አባወራ ዕቃ በየተራ ጫነ። ወርቅዬ ክፍሏን ጠርጋ፣ ወለሉን ወልውላ ወጣች። ባሏ ለሚፈርስ ወለል ምን ያለፋሻል ሲላት፣ ቆሻሻ ትቼ አልሄድም አለች።

ጣሪያው የተነሣው በጥር ነው፤ ከጥምቀት በኋላ። ኃይለሚካኤል አላስችል ብሎት ከአራብሳ በታክሲ አያት፣ ከአያት በባቡር ልደታ መጥቶ አየ። የቀን ሠራተኞቹ ቆርቆሮውን እየነቀሉ ወደ ታች ሲለቁት ድምፁ እስከ ፍርድ ቤቱ ይሰማል። በእጁ የደፈናቸው ቀዳዳዎች፣ የሬንጅ እድፉ፣ ከመርካቶ የመጣው ቁራጭ ሁሉ ግቢው ውስጥ ተከመረ። ሰብለወንጌል ጣሪያው በግማሽ በግማሽ እንዲነሣ ፈልጋ እንደነበር አጫወተችው፤ ተቋራጩ ግን መወጣጫውን ሁለቴ ማቆም ያከስረኛል አለ። ለነገሩ የሚያሰጋ ነገር አልነበረም። ክረምቱ ሩቅ ነው። አዲሱ የጥድ እንጨት ተጠርቦ፣ አዲሱ ቆርቆሮ ተገዝቶ እዚያው ግቢ ውስጥ ተደርድሯል። ኃይለሚካኤል እንጨቱን አሸተተው። ሰብለወንጌል ፋሲካ ሳይደርስ ቤቱ ጣሪያ ይለብሳል አለችው።

ጥር ሳያልቅ ስልክ ደወለች። ሥራው ቆሟል አለችው።

ነገሩ መጀመሪያ አልገባውም። ተቋራጩ የተጣላ መሰለው። ሰብለወንጌል ቀስ ብላ አስረዳችው። ገንዘቡ የሚመጣበት አገር መንግሥት ወደ ውጭ የሚሰጠው እርዳታ ሁሉ እስኪመረመር ድረስ ባለበት ይቁም ብሏል። ትልቁም ትንሹም፣ ሆስፒታሉም፣ ትምህርት ቤቱም፣ የእኛም ቤት። የቀረው ገንዘብ አለመለቀቁ ብቻ ሳይሆን፣ በተለቀቀው ገንዘብ የተገዛ ማናቸውም ዕቃ ምርመራው እስኪያልቅ እንዳይነካ ታዟል። እንጨቱና ቆርቆሮው ሸራ ለብሶ ታሽጓል።

«እስከ መቼ ነው?» አለ።

«አላውቅም ጋሼ። የነገሩኝም ሰዎች አያውቁም።»

ኃይለሚካኤል ዕድሜውን ሙሉ ከተሰበረ ነገር ጋር የኖረ ሰው ነው። አውቶቡስ ሲበላሽ ኮፈኑን ይከፍታል፤ ጣሪያ ሲያፈስ መሰላል ይፈልጋል። ይኼ ግን የት ጋ እንደሚከፈት አጣው። ቢሮ መዞር ጀመረ። ወረዳው ቤቱ የቀበሌ ቢሆንም ጉዳዩ የቅርስ ነው አለው። የቅርስ መሥሪያ ቤቱ ቤቱ የእኛ ነው፣ ሥራው ግን የለጋሹ ነው አለው፤ ያነጋገረው ኃላፊ ከልቡ አዝኖ እስከ ደረጃው ሸኘው። የለጋሹ ድርጅት ቢሮ ረጅም ሕንፃ ላይ ነው። እዚያ አንዲት ትሑት ሴት ውሃ አቀረበችለትና አዳምጣው ስታበቃ እሷ ራሷ በሚቀጥለው ወር ሥራ ይኑራት አይኑራት እንደማታውቅ ነገረችው። ያዘነላትም እሱ ሆነ፤ አይዞሽ ብሏት ወጣ። በሌላ ጊዜ ሲመለስ ቢሮው ተዘግቷል። የሕንፃው ጥበቃ ዕቃቸውን ጭነው እንደሄዱ ነገረው።

የሚቆጣበት ሰው ቢያገኝ ደስታው ነበር። ሁሉም ግን እንደሱ ግራ የገባቸው፣ ሁሉም ደግ ነበሩ።

መጋቢት ላይ የበልግ ዝናብ ጣለ። በአራብሳ አራተኛ ፎቅ መስኮት ሥር ቆሞ ሲያይ አደረ ማለት ይቻላል። ወርቅዬ ተኛ ብትለው፣ እዚህ ከዘነበ እዚያም ዘንቧል አላት። በነጋታው ሄደ። ግቢውን የሚጠብቀው በድሉ የሚባል ሰው ነው፤ እሱም ደመወዙ ከቆመ ሰንብቷል። ሌላ ሥራ ስላላገኘና የጥበቃ ቤቷ ማደሪያው ስለሆነች ብቻ ነው የተቀመጠው። በሩን ከፈተለትና ሁለቱም ገብተው ምድር ቤት ቆሙ። ዝናቡ ከቆመ ቆይቷል፤ ቤቱ ውስጥ ግን ገና ይዘንባል። ከፎቁ ወለል በጣውላው ስንጥቅ ውሃው ጠብ ጠብ ይላል። የድንጋዩ ግድግዳ የጭቃ ልስን እስከ ወገቡ ጠቁሯል። ኃይለሚካኤል እጁን ሲያሳርፍበት ጭቃው ከእጁ ጋር መጣ።

ግቢው ውስጥ፣ ሸራው ሥር፣ አዲሱ ቆርቆሮ ደረቅ ነበር። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ይሉት ነገር ነው። የእሱ ላም ግን በሰማይ አይደለችም፤ እጁን ቢዘረጋ የሚነካት ቦታ ነው ያለችው።

የግንቦት ልደታ ደረሰ። የበጅሮንድ ቤት ሰዎች በየዓመቱ ያን ቀን ግቢው ውስጥ ንፍሮ ቀቅለው፣ ዳቦ ቆርሰው፣ ስለት አድርሰው የሚውሉ ናቸው። ኡሙልኸይርም የእሷ በዓል ባይሆንም ለንፍሮው የሚሆን ስንዴና ባቄላ ታዋጣለች፤ ጨውና ቅመሙ ሁሌም የእሷ ነው። ዘንድሮም ከአራብሳ ተጠራርተው መጡ። በድሉ አስገባቸው። እሳት ተያያዘ፤ ድስቱ ተጣደ። ግን አንድም ሰው ጨዋታ አልያዘም። ሁሉም አንገቱን እያቀና የየራሱን ክፍል ይፈልጋል። የክፍሎቹ ኮምፖርሳቶ ርሶ ተጣሞ እንደ ተገለጠ መጽሐፍ ተንጨባርሯል፤ በላዩ ሰማይ ነው።

ኡሙልኸይር የድሮ በሯ ላይ ቆማ ነበር። ኃይለሚካኤል ዓይኗን ሸሽቶ ወደ በድሉ ዞረ። ፕላስቲክ እንግዛ ያለው ያን ጊዜ ነው። የለጋሾቹን ዕቃ ካልነካን፣ በራሳችን ገንዘብ ላዩን ብናለብሰው ምን ይሉናል አለ። ሰው ሁሉ ያንን ቃል ሲጠብቅ የቆየ ይመስል እጁን ኪሱ ሰደደ። ከተክለ ሃይማኖት ወፍራም ፕላስቲክና ገመድ ተገዝቶ መጣ። ሰብለወንጌልም ተጠርታ ደረሰች።

እሷ ከስታለች። ደመወዝ ከቆመባት ወራት ሆኗታል፤ ቢሆንም በየሳምንቱ እየመጣች ፎቶ እያነሣች ለማይመልሱላት ሰዎች ትልካለች። ኃይለሚካኤል ወደ ጎን ወሰዳት።

«ልጄ፣ ቆርቆሮው እዚሁ ግቢ ነው። እንጨቱም እዚሁ ነው።»

«አውቃለሁ ጋሼ።»

«ታዲያ?»

«ከነካነው ውሉን አፈረሱ እንባላለን። ውሉ ከፈረሰ ጭራሽ አይመለሱም።»

«ካልነካነውስ?»

ሰብለወንጌል ቤቱን አየች፣ ከዚያ መሬት መሬት አየች። ፕላስቲኩን በሚመለከት እኔ ያየሁት ነገር የለም አለችና ወደ በሩ ሄዳ ፊቷን ወደ መንገዱ አድርጋ ቆመች። ፕላስቲኩ እስኪለበስ ድረስ አልዞረችም።

የወጣው ኃይለሚካኤል ነው። አትውጣ ቢሉት እምቢ አለ። ግድግዳው ጫፍ ላይ እየተሳበ ከጎረቤቶቹ ጋር ፕላስቲኩን ከዳር ዳር ወጠሩት፤ በገመድ ጠፈሩት፤ ድንጋይ ጫኑበት። ሲወርድ ወርቅዬ መሰላሉን ይዛ ሥር ቆማለች። ያን ቀን ማምሻውን ጨዋታ ተጀመረ፤ ንፍሮው ተበላ። አንድ ሰው ሳቀ። ኃይለሚካኤልም ከብዙ ጊዜ በኋላ ምግብ ጣመው።

ፕላስቲኩ እስከ ሰኔ ያዘ። በሰኔ የመጣው ነፋስ ግን ከሥር ገብቶ እንደ ፊኛ ነፋውና ቀደደው። ትልቁ ቁራጭ የፍርድ ቤቱ አጥር ላይ ተሰቅሎ ተገኘ። ድጋሚ አዋጡ፣ ድጋሚ ገዙ። በዚህኛው ጊዜ ገመዱን የሚያስሩበት ጠፋ። ግድግዳው ርሶ ስለነበር ምስማር ሲመቱበት እንደ ቅቤ ይውጠዋል። ወራጁ የለም፤ ማገሩ ተንጋዷል። በአንድ በኩል ሲወጥሩት በሌላ በኩል ይወርዳል። ኃይለሚካኤል ዝናብ እየመታው ላይ ቆሞ፣ ገመዱን በእጁ እንደያዘ፣ የሚያስርበት ነገር ሲፈልግ ቆየ። በመጨረሻ ገመዱን ለቀቀው። በቃ ውረዱ አላቸው።

ከዚያ በኋላ መጠበቅ ብቻ ቀረ። የሚጠብቁት ሁለት ነገር ነበር፤ ከባሕር ማዶ የሚመጣውን ቃልና ግድግዳውን። የትኛው እንደሚቀድም ሁሉም ያውቅ ነበር።

ሐምሌ ላይ አንድ ማለዳ በድሉ ደወለ። «ጋሼ፣ በምሥራቅ በኩል ያለው ወረደ» አለ። 

ኃይለሚካኤል ልደታ ሲደርስ ሰው ተሰብስቧል። ጉዳያቸውን ሊያስፈጽሙ ወደ ፍርድ ቤት የሚሄዱ ሰዎች ሳይቀሩ ቆመው በስልካቸው ፎቶ ያነሣሉ። የምሥራቁ ግድግዳ ከነሰገነቱ መንገዱ ላይ ፈስሷል፤ ጭቃው እስከ ማዶው ሱቅ ደርሷል። ሰው ግን አልጎዳም። ቤቱ በዚያ በኩል ተከፍቶ፣ የወርቅዬና የእሱ ክፍል ከመንገድ ይታያል። ሰማያዊ ቀለም የቀቧት ራሳቸው ናቸው፤ ቀለሙ እንዳለ ነው። አልጋው የነበረበት ቦታ ግድግዳው ላይ ነጣ ብሎ ይታወቃል። አንድ ሰው ያንን ፎቶ ሲያነሣ ኃይለሚካኤል ፊት ለፊቱ ቆመበት። ሰውየው ምን ሆኑ አባት ሲለው ገለል አለለት።

መሐንዲሶች መጡ፤ ቢጫ ሪባን ተሳበ። የቀረው ፎቅ ከነምድር ቤቱ ለአላፊ አግዳሚ አደጋ ነው ተባለና በማሽን ወረደ። ሥራው ከምሳ በፊት ተጀምሮ ከሰዓት አለቀ። ሰብለወንጌል የተቀረጹትን የሰገነት እንጨቶች ቢያንስ ለይተን እናውጣ ብላ ለምና ጥቂት አስወጣች። አሁን የት እንዳሉ ማንም አያውቅም።

ከአዲስ ዓመት በኋላ ቃሉ መጣ። ሰብለወንጌል በስልክ አልነገረችውም፤ አራብሳ ድረስ መጥታ ወርቅዬ ያቀረበችላትን ሻይ ሳትነካ ነገረቻቸው። ምርመራው ተጠናቋል። ለአንዳንድ ሥራዎች ገንዘቡ ይቀጥላል። የበጅሮንድ ቤት ግን የሚታደስ ሕንፃ ስለሌለ መዝገቡ ተዘግቷል። እንጨቱና ቆርቆሮው ለሌላ ጥንታዊ ቤት እድሳት ይተላለፋል።

«የእኛ መመለስስ?» አለች ወርቅዬ።

ሰብለወንጌል ውሉ ወደ ክፍላቸው ይመለሳሉ እንጂ ሌላ እንደማይል፣ ክፍሉ ደግሞ እንደሌለ ተናገረች። አራብሳ ያለው ቤት ይጸናላቸዋል። እኔ ነኝ ያመጣሁባችሁ አለች። ኃይለሚካኤል እንደ ልጁ ጭንቅላቷን ዳሰሰ። አንቺ ምን አደረግሽ አላት። እውነቱን ነበር፤ ምን አደረገች? እሱስ ምን አደረገ? ገንዘቡን የሰጡትስ ሲሰጡ ክፉ አስበው ነበር?

በዚያው ሳምንት ወደ ኡሙልኸይር ቤት ሄደ። ሌላ ብሎክ፣ ምድር ቤት ነው። ደረጃው ሥር ትንሽ መደብ አበጅታ በርበሬ ለመሸጥ ሞክራ ነበር። ሰዉ ግን አያውቃትም፤ በርበሬም ከየአገሩ ያስመጣል። ሲገባ ዕቃዋን እያሰረች ደረሰባት። ወራቤ ወንድሟ ዘንድ ልትሄድ ነው። በመንገድ ሁሉ ያዘጋጀውን ንግግር ረሳው።

«እኔን ያዢ ብዬሽ ነበር» አለ ቆሞ እንዳለ።

«እርስዎን ይዤ ምን አደርግዎታለሁ ጋሽ ኃይሌ?» አለች። ቁጣ የለባትም። ገመዱን አጥብቃ ቋጠረችና ተቀመጠች። «ስንት ሌሊት አሰብኩት። እርስዎ አልዋሹኝም። ልጅቷም አልዋሸችኝም። ልረግም ፈልጌ ወላሂ የምረግመው ሰው አጣሁ።»

ብትሰድበው ይሻለው ነበር። ቢያንስ ጎንበስ ብሎ የሚቀበለው ነገር ያገኝ ነበር። የታሰሩትን ኬሻዎች አንድ በአንድ ተሸክሞ ወደ በሩ አወጣላት። መኪናው ሲመጣ ጫነላት። መኪናው መታጠፊያው ጋ እስኪሰወር ቆሞ አየ።

ጥር ተመልሶ ሲመጣ አንዲት ሴት በስልክ ፈለገችው። ራኒያ እባላለሁ፣ የበጅሮንድ ቤትን ነገር ሰምቻለሁ አለች። ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ከእናቷ ጋር በአንድ የጥንት ነጋዴ ቤት ትኖራለች፤ የእነሱም ቤት የቀበሌ ነው፣ የእነሱም በር ላይ ሰሌዳ አለ። ሰሞኑን ባለሙያዎች መጥተው ለክተዋል። ሌላ ድርጅት ነው፣ ገንዘቡም ሌላ ነው። ውጡና እናድሰው፣ ፈርሙ ብለዋል። እርስዎ ያዩት ሰው ስለሆኑ ይምከሩን አለችው።

አልሄድም ሊል አሰበና ሄደ። ራኒያ ክፍሎቹን አዞረችው። ፎቁ ላይ ሳፋና ባልዲ ተደርድሯል፤ ክረምቱን ሁሉ እንደዚሁ ነው የተቀመጠው አለችው። የኮርኒሱ ጨርቅ በእድፍ ካርታ ሠርቷል። ኃይለሚካኤል ወንበር አስቀርቦ ወጣና ጨርቁን ገልጦ ወራጁን በጥፍሩ ጫረው። እንጨቱ እንደ ዳቦ ፈረፈረ።

«ስንት ክረምት ይችላል?» አለች።

«አንድ። ቢበዛ ሁለት።»

«እንግዲያው እንፈርም?»

ከወንበሩ ወርዶ እጁን አራገፈ። በበጅሮንድ ቤት የሆነውን ሁሉ ነገራት፤ ምንም አልሸሸገም፣ ምንም አልጨመረም። እናትየው በሩ ላይ ቆመው ያዳምጣሉ። ሲጨርስ ራኒያ ሰማሁ፣ ግን እርስዎ በእኛ ቦታ ቢሆኑ ምን ያደርጋሉ አለችው።

ካልፈረሙ ቤቱ በራሱ ጊዜ ይወድቃል። ከፈረሙ ሊድን ይችላል፤ ብዙ ቤት ድኗልና። ወይም ጣሪያው ተነሥቶ፣ አንድ ቀን በማያውቁት አገር አንድ ሰው ይቁም ይላል። ጠይቁ ሊላት ፈለገ፤ ጣሪያውን በግማሽ በግማሽ አንሡ በሉ ሊላት ፈለገ። ሰብለወንጌልም ይህንኑ ብላ ነበር። ገንዘቡ በሙሉ ሳይገባ አትልቀቁ ሊላት ፈለገ። ገንዘቡ ደግሞ ሳይለቁ አይገባም።

«አላውቅም ልጄ» አላት።

እናትየው አመስግነው ምሳ ይብሉ አሉት። ባቡር ያመልጠኛል ብሎ ወጣ። ራኒያ እስከ ታክሲው ሸኘችው። በመንገድ ላይ ምናልባት አንድ ቃል ቢጨምር ብላ አጠገቡ ሄደች። ታክሲው ሲነሣ በመስኮት አያት፤ እሷም እጇን አነሣችለት። ወራጅ አለ ብሎ ወርዶ፣ ተመልሶ አንድ ነገር ሊላት አሰበ። ፈርሙ ይበላት ወይስ አትፈርሙ፣ እሱን ሳይወስን ታክሲው ባቡር ሊይዝበት የነበረውን ልደታን አለፈ።